ሸህ እንድሪስና የባሻ የኋላ እግሮች

ስልኩ ሲጮህ ወግዲ ነበርኩ። ለበግ ክትባት ወጥተን፣ አንዲት እልኸኛ ጠቦት በጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ ይዤ ነበር። የደወለችው ፋጡማ ናት፤ መካነ ሰላም ከግቢያችን ፊት ለፊት የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ጎረቤቴ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። «አስካል፣ ሸህ እንድሪስ ወደ አኼራ ሄዱ» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«ንክሻው ነው?» አልኳት።

«የምን ንክሻ ነው የምታወሪው? እሱ ድሮ ያለፈ ነገር! ሱብሂ ሰግደው ጋደም አሉ፣ በዚያው ቀሩ። ሽማግሌ እኮ ናቸው፤ ሽማግሌ አይሞትም እንዴ?»

ጠቦቷ አምልጣኝ ሄደች፤ አብረውኝ የነበሩት ሳቁ። እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሸህ እንድሪስ በሕይወት ሳሉ ግራ ሲያጋቡኝ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሞተውም አልተውኝም። ንክሻው ከሆነ ዓመት አልፎታል። መርፌውንም አንድ ሳያስቀሩ ተወግተዋል፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ምን አስባለኝ? እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ስናገረው ለኔም ይገባኝ ይሆናል።

ሸህ እንድሪስ የሰፈራችንን የሙስሊም ልጆች በሙሉ ቁርአን ያስቀሩ፣ ንባቡን ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ግቢያቸውንና ግቢያችንን የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት የምነቃው እሳቸው ልጆቹን ሲያስቀሩ በምሰማው ድምፅ ነው። አጠር ያሉ፣ ጢማቸው ሳሳ ያለ ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮሃል፤ እሳቸው ሲቆጡ ያንሾካሹካሉ። «ሸህዬ ማንሾካሾክ ጀመሩ» ከተባለ ልጆቹ ጫማቸውን ሳያደርጉ ነበር የሚበተኑት።

አንድ ነገር ስትጠይቋቸው ደግሞ ቶሎ አይመልሱም። «እስቲ ላስብበት» ይላሉ። እናንተ ጥያቄውን ከረሳችሁት በኋላ፣ በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ሲጣደፍ፣ በካቡ ላይ ብቅ ብለው «ያ የጠየቅሽኝ ነገር አላወቅሁትም» ይላሉ። ያ ሁሉ ቀን ታስቦበት! እኔ በሳቅ እሞት ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም።

የእንስሳት ጤና ተምሬ ወረዳው ሲቀጥረኝ «ሐኪሟ» ብለው የጠሩኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከተማው «የላም ዶክተር» እያለ ነበር የሚያሾፍብኝ። አንድ ምስጢሬን ግን ያውቁ ነበር፤ እኔ ውሻ እፈራለሁ። ላም ብትረግጠኝ፣ በሬ ቢያንገላታኝ ደንታ የለኝም፤ ውሻ ሲያዛጋ ግን መንገድ እቀይራለሁ። ልጅ ሳለሁ ተነክሼ ነው። የሸህ እንድሪስ ውሻ ባሻ ይባላል፤ ትልቅ፣ ቡላ፣ ስንት ዘመን በጎቻቸውን ከጅብ የጠበቀ። በካቡ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እንደ ሹም ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም እንደ ተከሳሽ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

አንድ ጠዋት ሥራ ልገባ ስወጣ በካቡ ላይ ብቅ አሉ።

«ሐኪሟ፣ ባሻ እግሩ ጠፋበት።»

«እግር እንዴት ነው የሚጠፋው ሸህዬ?»

«የኋላ እግሩን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ነይና እይልኝ።»

ገባሁ። ባሻ የፊት እግሮቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ከወገቡ በታች ግን ሌላ ውሻ ነው። ሲራመድ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ፤ ጣቶቹን መሬት ለመሬት ይጎትታል፤ ጥፍሮቹ ከመጎተት ብዛት ተበልተው ደም ያዘሉ ናቸው። ዞር ሲል ወገቡ ወደ ጎን ይወድቃል። ወድቆም ማን እንደገፋው ሊያይ ወደኋላ ይዞራል። ያን ጊዜ፣ ፈሪዋ እኔ እንኳ፣ ጠጋ አልኩት።

አንዱን የኋላ መዳፉን በእንጨት ጫፍ ገለበጥኩት። በእንጨት ነው ያልኩት፤ በእጄማ ማን ሞኝ አለ። ጤነኛ እንስሳ መዳፉ ሲገለበጥ ወዲያው ይመልሰዋል። ባሻ እንደተገለበጠ ትቶት እኔን ማየት ጀመረ። ሸህዬ እኔ እያዘዝኳቸው አከርካሪውን ከአንገቱ ጀምረው ጫን ጫን እያደረጉ ወረዱ፤ ወገቡ ላይ ሲደርሱ ጮኸ።

«ምንድነው?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? እኔ የተማርኩት ስለ ላምና በሬ፣ ስለ በግና ፍየል፣ ስለ በቅሎ ነው። ውሻ በኛ ትምህርት ውስጥ ብቅ የሚለው በውሻ እብደት በሽታ ላይ ብቻ ነው። እርጅና አከርካሪውን ተጭኖት ይሆናል። የዳሌው መጋጠሚያ አልቆ ይሆናል። አንዱ ዱርዬ በድንጋይ ወገቡን ብሎት ይሆናል። ራጅ የተነሳ ውሻ በኛ አገር ማን አይቶ ያውቃል? ደግሞ የእብደቱም በሽታ ቢሆን ሁልጊዜ አያስጮህም፣ አያናክስም፤ አንዳንዴ የሚጀምረው ከኋላ እግር መዛል ነው። ይቺን ሳስታውስ አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ።

«አላውቅም ሸህዬ። ወገቡ ይመስለኛል። የእብደት ከሆነ ግን በጥቂት ቀን ይለይለታል፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ይሞታል። ወገቡ ከሆነ እንዲሁ እንዳለ ይቆያል። ልጆቹ አይጠጉት። እንጠብቅ።»

«መጠበቅ መድኃኒት ነው?»

«አይደለም። ሌላ የማውቀው ስለሌለኝ ነው።»

«እሺ» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ያሾፍብኝ ነበር።

በማግስቱ ያየሁት ነገር ግን ቁርሴን አስረሳኝ። ሸህ እንድሪስ የነጭ ጥምጣማቸውን ጨርቅ ፈትተው በባሻ ሆድ ሥር አሳልፈው፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ይዘው፣ የኋላውን አካል አንጠልጥለውለት በመንገዱ ይሄዳሉ። ባሻ በፊት እግሮቹ እየተራመደ፣ የኋላዎቹ መሬት ነካ ነካ እያደረጉ ይከተላሉ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ ውሻው ቀና ብሎ። ሰው ሁሉ ከየበሩ ወጣ።

«ያረቢ!» አለች ፋጡማ ከሱቋ። «ሸህዬ፣ ያ እኮ የጥምጣምዎ ጨርቅ ነው!»

«ነበር» አሉ። «አሁን የባሻ መታጠቂያ ነው።»

ሲመለሱ ደግሞ መታጠብ አለ። የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው፤ ይህን ለልጆቹ ሲያስተምሩ በካቡ በኩል ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ከሶላት በፊት ከሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያቸው የተለየ ሌላ ማንቆርቆሪያ አዘጋጁ፤ በጣሳም ንጹሕ የተነፋ አፈር አስቀመጡ። ባሻን ባነሱ ቁጥር የግቢያቸው መቀመጫ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከዚያ ሄደው ያስቀራሉ። ከዚያ ተመልሰው ባሻን ያነሳሉ። ከዚያ እንደገና ይታጠባሉ። እኔ ሳያቸው ደከመኝ።

«ሸህዬ፣ ለምን አይተዉትም? እንዲህ እየታጠቡ ከመኖር?»

«ምራቁን እጠቡ ነው የተባልነው። እግሩን አታንሱ አልተባልንም።»

ሰፈሩ የራሱን መልስ አገኘ፤ «ልጃቸው ትዝ እያላቸው ነው» ተባለ። ልጃቸው ሰይድ በባሕር ወደ ሳዑዲ ከሄደ ቆይቷል፤ ስልኩም ከጠፋ ሰነበተ። ውሻው የልጁ ማስታወሻ ስለሆነ ነው ተብሎ ሴቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔም ከንፈሬን መጥጬ ሳበቃ ጠየቅኋቸው።

«ሰይድ?» አሉና ተገረሙ። «ሰይድ ባሻን ጠልቶት ነው የሄደው። ዶሮውን በልቶበት። ሲሄድ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።»

«ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የሚለፉት?»

«እስቲ ላስብበት።»

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ከረረ። ባሻ አንድ ቀን መንገዱ ላይ ወድቆ የገዛ ወገቡን ሊነክስ ሲዞር ፋጡማ አየችው፤ ጩኸቷን አቀለጠችው። የሷ ልጅ ሸህዬ ዘንድ ቁርአን ትቀራለች፤ አንብባ ልትጨርስ፣ ልታኸትም ትንሽ ነው የቀራት። እናት ናት፣ አልፈርድባትም። ከሰዓት ላይ ሰው ተሰብስቦ መጣ፤ የቀበሌው ጥበቃም መርዝ ያለበት ሥጋ በፌስታል ይዞ። እኔም ተጠራሁ።

«ይኸው አስካል ትንገረን» አለች ፋጡማ። «አብዷል ወይስ አላበደም?»

«አላውቅም» አልኩ። «የእብደት አይመስለኝም። ግን ልጃችሁን አጠገቡ አስቀምጡ ብዬ አላዝም።»

«አላውቅም ትላለች! ታዲያ መንግሥት ደሞዝ የሚከፍልሽ ለምንድነው?»

ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ሸህ እንድሪስ ከበሩ ላይ ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ ለመስማት ሁላችንም ዝም አልን።

«ልጆቻችሁን ውሰዱ። ነገሩ እስኪለይ አላስቀራም።»

ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ ማስቀራት ያላቋረጡ ሰው! ፋጡማ ደነገጠች። «ለውሻ ብለው ቁርአን ይዘጋሉ ሸህዬ?»

«ለልጆቻችሁ ብዬ ነው የምዘጋው። ውሻውን ግን አልሰጥም።»

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። ያ ግቢ ጸጥ አለ። ጠዋት ስነቃ የልጆች ድምፅ የለም። እኔ ነኝ እንደ እብድ የሆንኩት። ልክ ነበርኩ? ውሻው ያበደ እንደሆነስ? ቢሮ ገብቼ ሰው ስጠይቅ አንዱ ወገቡ ነው ይላል፤ አንዱ ግደሉትና ተገላገሉ ይላል፤ አንዱ ደግሞ ጂኒ ረግጦት ነው ብሎ ያስቃል።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሸህዬ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ይታጠባሉ። የተለመደ ነውና ላልፍ ስል አንድ ነገር አየሁ፤ ውሃው የግራ እጃቸው ላይ ሲፈስ ፊታቸው ጭምድድ አለ። እንደገና አፈሰሱ፤ እንደገና ተጨማደዱ። በካቡ ላይ ተንጠላጥዬ ገባሁ። እጃቸውን አፈፍ አድርጌ እንዳላይ የሴት እጅ ውዱእ ያበላሽባቸዋል፤ ስለዚህ ፊታቸው ቆሜ ጮህኩ።

«እጅጌውን ወደ ላይ ያድርጉልኝ!»

አደረጉት። የእጃቸው አንጓ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። አዲስ እንኳ አይደለም፤ አፉን ገጥሟል።

«መቼ?»

«እነ ፋጡማ ከመምጣታቸው በፊት። ላነሳው ስል ወገቡን ነክቼበት ነው፤ አሞት ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

ይኸውላችሁ! በየቀኑ ሰባት ሰባት ጊዜ የሚታጠብን ሰው ዛሬ ለምን ታጠብክ ብሎ ማን ይጠይቀዋል? ቁስላቸውን በየሰው ፊት ሲያጥቡ ሰንብተዋል፤ ማንም ልብ አላለም። እኔ፣ ሐኪሟ ተብዬ፣ አጠገባቸው ቆሜ አላየሁም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ይገድሉታል።»

«ሸህዬ፣ አብዶ ከሆነ እኮ እርስዎ ይሞታሉ! ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም! በአላህ፣ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው?»

«አውቃለሁ» አሉ በለሆሳስ። «ፈርቻለሁም።»

ፈርቻለሁ ሲሉ እኔ ሟሟሁ። እዚህ አገር ውሻ ነከሰ ከተባለ መጀመሪያ ውሻው ይገደላል፤ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ውሻው ከሞተ ደግሞ አብዶ ነበር ወይስ አላበደም ነበር የሚለው አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ ሸህዬ ሳይውሉ ሳያድሩ መርፌ እንዲጀምሩ፣ ባሻም እንዲቆይ። መርፌው ደግሞ ያኔ ደሴ ካልሆነ የለም ተባለ። እህታቸው ደሴ አለች፤ እዚያ ተቀምጠው መጨረስ አለባቸው። ሚኒባሱ በር ድረስ ወስጃቸው አልሳፈርም አሉ።

«እኔ ከሄድኩ በነጋታው መርዙን ያበሉታል። ደግሞስ ማን ያነሳዋል?»

«እኔ» አልኩ። ያን ቃል የተናገረው አፌ የኔ አልመሰለኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነሳው የከብት ጓንት አጥልቄ፣ ጨርቁን ከሩቅ ወርውሬ በሆዱ ሥር አሳለፍኩና ሳብኩ። ባሻ ዞር ብሎ አየኝ። በእመቤቴ ብዬ ተማጠንኩት። ከዚያ ዝም ብሎ መራመድ ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩ። ጥበቃው ፌስታሉን ይዞ ብቅ ሲል «ይሄ ውሻ በመንግሥት ምርመራ ላይ ነው፤ ከነካኸው ትጠየቃለህ!» አልኩት። የምን ምርመራ! እሱ ግን ሰላምታ ሰጥቶኝ ተመለሰ።

ፋጡማ መጥታ ሸህዬ የት እንደጠፉ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። እዚያው ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ ይሄ ውሻ ከሞተ...?»

«በነዚህ ቀናት ውስጥ መዋጥ አቅቶት ከሞተ፣ የምንፈራው ነው ማለት ነው። መርፌውም ዘግይቷል። ከበላና ከቆየ ግን ሸህዬ ተረፉ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ያ ሁሉ ሊገድለው የመጣ ሰው የባሻን ጉሮሮ መጠበቅ ጀመረ። ጠዋት ፋጡማ በወተት የራሰ ዳቦ ይዛ በካቡ ማዶ ትቆማለች። «ዋጠ?» ትለኛለች። «ዋጠ» እላታለሁ። «አልሐምዱሊላህ!» ትልና ወደ መንገዱ ዞራ «ውጧል!» ብላ ትጮሃለች። ያ ጥበቃ እንኳ በሥራ መግቢያው ብቅ እያለ «እንዴት አደረ?» ይለኝ ነበር፤ ስለ ሰው የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። እኔ በየቀኑ መንጋጋውን አያለሁ፤ ለሃጩን አያለሁ፤ አንዳንዱን ቀን ነገሩ የባሰ ይመስለኛል፤ አንዳንዱን ቀን ምንም የለም። እንቅልፍ አጣሁ። ባሻ ግን ይበላል፤ እግሩን ይጎትታል፤ እንዳለ አለ።

ሸህ እንድሪስ መርፌያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ባሻ በፊት እግሮቹ ራሱን እየሳበ በሩ ድረስ ወጣላቸው። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ፋጡማማ አትጠየቅም። በነጋታው ልጆቹ ተመለሱ። የፋጡማ ልጅም አኸተመች። በገበያ ቀንም ሸህዬ በካቡ ላይ ብቅ አሉ። «ያ ለምን ትለፋለህ ያልሽኝ ነገር አላወቅሁትም» አሉኝ።

ባሻ ግን አልዳነም። የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጠሁት፤ ጥቂት ቀለል አለው፣ ከዚያ መልሶ ያው ሆነ። ወራት ሲያልፉ የኋላ እግሮቹ ጨርሰው ከዱት፤ ሽንቱን መያዝ አቃተው፤ ጎኑ ቆሰለ። ሸህዬ ያዞሩታል፣ ያጥቡታል፣ ይታጠባሉ። አንድ ቀን ከሰዓት ቤቴ ድረስ መጡ፤ በካቡ አይደለም፣ በበር።

«ሐኪሟ፣ በቃው» አሉኝ።

መርፌውን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዙት። መጀመሪያ የሚያስተኛውን ወጋሁት፤ ከዚያ የሚያሳርፈውን። ሲያልቅ መርፌውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

«አሁን ክፈቺው» አሉኝ።

«ምኑን ሸህዬ?»

«ወገቡን። አላውቅም ስትይ ያ ሁሉ ሰው ሳቀብሽ። ነገ ሌላ ውሻ ያመጡልሻል፤ ሌላ ሰው ይነከሳል። እይና እወቂ።»

ቢላዋዬን ከቦርሳ አወጣሁ። ስንት በሬ፣ ስንት በግ ከፍቻለሁ። ጠጉሩን በጣቶቼ ገለጥኩ፤ ሲጫኑት ይጮህበት የነበረውን ቦታ አገኘሁት። ገና ይሞቃል። ጓንት እንኳ እንዳላደረግሁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አልችልም ሸህዬ።»

ሸህ እንድሪስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹብኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ አላውቅም አላውቅም ስትይ ኖረሽ፣ እወቂ ሲሉሽ አልችልም!» ዶማውን ራሳቸው አንስተው መቆፈር ጀመሩ። ልቀበላቸው ብል አልሰጡኝም። ሲደክማቸው ያርፋሉ፣ ደግሞ ይቆፍራሉ፤ እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ። ከነጨርቁ ቀበሩት።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ አላቋረጡኝም፤ ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ሐኪሟ ይሉኛል። ግን ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አልገባኝም። ብከፍተው ኖሮ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንኳን አልከፈትኩት እላለሁ። ከወግዲ ስመለስ ቁጭ ብዬ አወራቸዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ ፋጡማ አጠገቤ። ሰው ስለ ሸህዬ እያነሳ፣ እየጣለ፣ ወሬው እንደሁልጊዜው ባሻ ላይ ደረሰ።

«ቆይ ግን አስካል» አለች ፋጡማ እንባዋን እየጠረገች፣ «የዚያ ውሻ ሕመም በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ?»

«አላውቅም» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። የሚቆጣኝም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ለቅሶዬ የመጣው።